ኮምፒውተር ከዲስክ የሚነሣው እንዴት ነው?

በራያ ቆላ፣ በዋጃ፣ መብራት ተቋርጦ ሲመለስ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር «ሥርዓተ ክወና አልተገኘም» የሚል መልእክት አሳየ እንበል። የተማሪዎቹ ሰነድ ሁሉ ጠፋ ማለት ነውን? የግድ አይደለም። የአነሣሡን ቅደም ተከተል እንመልከት።

ራም መብራት ሲቋረጥ ባዶ ይሆናል፤ የሥርዓተ ክወናው እምብርት የሆነው ከርነል ግን በዲስክ ላይ ይቆያል። ፕሮሰሰሩ በመጀመሪያ የሚፈጽመው በማዘርቦርዱ ላይ በቋሚነት የተቀመጠውን ባዮስ ነው። ባዮስ መሣሪያዎችን ፈትሾ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት ወደ ራም ይገለብጣል። ከእነዚህም 446ቱ ለአስነሺው ፕሮግራም (ለቡትሎደር)፣ 64ቱ ለዲስኩ ክፍፍል ሰንጠረዥ፣ 2ቱ ለመለያ ምልክት ተመድበዋል። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ 446 ባይት የሚበቃው ለ148 ፊደላት ብቻ ነው። በዚህ ጠባብ ቦታ ብዙ መሥራት ስለማይቻል፣ ትንሹ ፕሮግራም ተከታዩን ሰፊ ክፍል፣ ለምሳሌ ግራብን፣ ይጠራል፤ እርሱም ከርነሉን ራም ላይ አስፍሮ ሥራውን ያስረክበዋል። በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ባዮስን የተካው ዩኢኤፍአይ አስነሺውን እንደ ማንኛውም ፋይል ከዲስክ ያነባል።

እንግዲህ 446ቱ ባይቶች ብቻ ቢበላሹ፣ ሰነዶቹ ሳይነኩ ኮምፒውተሩ ላይነሣ ይችላል። ተሰክቶ የተረሳ ፍላሽም ይህንኑ መልእክት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ፎርማት ከማድረጋችን በፊት ፍላሹን እንንቀል፤ ካልተነሣም ዲስኩን ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኝተን ሰነዶቹን እንገልብጥ።