ገላጭ ድርሰትና የግስ ምርጫ፦ የሶፍ ዑመር ዋሻ

ገላጭ ድርሰት የሚጽፍ ሰው ያየውን ነገር ላላየው አንባቢ የማሳየት ግዴታ አለበት። ብዙ ተማሪዎች ይህ የሚፈጸመው ቅጽሎችን በመደርደር ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ከቅጽል ይልቅ ግስ ያሳያል። በባሌ ምድር የሚገኘውን የሶፍ ዑመርን ዋሻ በምሳሌነት እንመልከት።

ዋሻው በሼህ ሶፍ ዑመር ስም ይጠራል፤ በሙስሊሞች ዘንድም የተከበረ ሥፍራ ነው። ርዝመቱ 15.1 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። ከባሌ ተራሮች የሚወርደው የዌብ ወንዝ በአንድ በኩል ከኖራ ድንጋዩ ሥር ይገባና በሌላው በኩል ይወጣል። ጎብኚ ከፀሐይ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ዐይኑ ለጊዜው ምንም አይለይም፤ አስቀድሞ የሚደርሰው የውኃው ድምፅ ነው። ዓምዶቹና ጣሪያው በባትሪ ብርሃን የሚታዩት ከዚያ በኋላ ነው። (መንታ መንገዱ ብዙ ስለ ሆነ ያለ መሪ መግባት አይገባም።) ስለዚህ ድርሰታችሁም በድምፅ ይጀምር።

አሁን ወደ ግሱ እንመለስ። አንድ ተማሪ «ዓምዶቹ ጣሪያውን እንዲሸከሙ ተሠርተዋል» ብሎ ቢጽፍ በሰዋስው አልተሳሳተም፤ በነገሩ ግን ተሳስቷል። «ተሠራ» ተገብሮ ግስ ነው፤ ድርጊት ፈጻሚው ባይጠቀስም ሠሪ እንዳለ ያሳስባል። የሆነው ግን ሌላ ነው። የዝናብ ውኃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀበል ደካማ አሲድ ይሆናል፤ ወደ ኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ ሰርጎም ድንጋዩን ቀስ በቀስ ያሟሟል። እንግዲህ እንዲህ ቢባል ይሻላል፦

«ውኃው ስንጥቆቹን እየተከተለ ድንጋዩን ሲያሟሟ፥ በመካከላቸው የነበረው ዓምድ ሆኖ ቀረ።»

«ቀረ» የምትለዋን አጭር ግስ ልብ በሉ፤ የዋሻውን ታሪክ የያዘችው እርሷ ናት። በሌሎች ዋሻዎች ከጣሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ የተሸከመውን ኖራ እያስቀመጠ ዓምድ ያበጃል። ለዚያ «አደገ» ይስማማል። ሁለቱም ዓምድ ይባላሉ፤ አንዱ ግን ከመጉደል፥ ሌላው ከመጨመር የተገኘ ነው።

መልመጃ

በአካባቢያችሁ ውኃ የቦረቦረውን ሥፍራ፥ ገደልም ሆነ ቦይ፥ ሄዳችሁ ተመልከቱ። «ውብ»ና «አስደናቂ» የሚሉትን ቃላት ሳትጠቀሙ በአንድ አንቀጽ ግለጹት። ከዚያም በተገብሮ ግሶቹ ሥር አስምራችሁ የእያንዳንዱን ድርጊት ፈጻሚ በኅዳጉ ላይ ጻፉ።