መጽሐፍ ተውሶ ለአማርኛ ውክፔዲያ መጻፍ፦ ከኤመሪቪል የሚጀምር አሠራር

በአማርኛ ውክፔዲያ ስለ ራሳችን ሰዎች ከተጻፉት መጣጥፎች ብዙዎቹ አጫጭር ናቸው። ከማጠራቸው የሚከፋው ግን ነገሩ ከየት እንደ ተገኘ አለመናገራቸው ነው። ዋቢ የሌለው ዓረፍተ ነገር እውነት ቢሆን እንኳ፣ ነገ ሌላ ሰው ቢሰርዘው የሚከራከርለት የለም። በካሊፎርኒያ ኤመሪቪል፣ ኦክላንድና ሳንሆዜ የምንኖር ሰዎች ደግሞ አገር ቤት ያለ ተማሪ በቀላሉ የማያገኛቸውን መጻሕፍት በነፃ መዋስ እንችላለን። አሠራሩን በዶክተር መላኩ በያን ምሳሌ ላሳያችሁ። በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ጥቁር አሜሪካውያንን ከኢትዮጵያ ጎን ያሰለፉና እ.ኤ.አ. በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን ያቋቋሙ ሰው ናቸው።

መጀመሪያ ጥያቄ ጻፉ። ነባሩ መጣጥፍ ካለ አንብቡና የጎደለውን በወረቀት አስፍሩ፦ ሃዋርድ ከመግባታቸው በፊት የት ተማሩ? ፌዴሬሽኑን ከማን ጋር መሠረቱ? የፌዴሬሽኑ ጋዜጣ ማን ይባል ነበር? አምስት ጥያቄ ይበቃል። ያለ ጥያቄ የተዋሱት መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ከርሞ ይመለሳል።

ቀጥሎ ካርድ። ኤመሪቪል የራሷ የከተማ ላይብረሪ የላትም፤ ነዋሪዎቿ የሚገለገሉት በኦክላንድ ላይብረሪ ነው። ቅርቡ በሳን ፓብሎ ጎዳና ያለው የጎልደን ጌት ቅርንጫፍ ነው። የካሊፎርኒያ ነዋሪ የሆነ ሁሉ ካርድ በነፃ ያወጣል። የሳን ፍራንሲስኮውንም ጨምሩ፣ እሱም ለክፍለ ግዛቱ ነዋሪ ክፍት ነው። ሳንሆዜ ያላችሁ ደግሞ ታድላችኋል፦ እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተው የማርቲን ሉተር ኪንግ ላይብረሪ የከተማውና የዩኒቨርሲቲው የጋራ ስለሆነ፣ ተማሪ ያልሆነ ሰውም ከዩኒቨርሲቲው መጻሕፍት ይዋሳል።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ፍለጋው ላይ ነው። የላይብረሪ መዝገብ በአብዛኛው የሚያውቀው በላቲን ፊደል የተጻፈ ስም ነው፣ የእኛ ስም ደግሞ በላቲን አንድ ወጥ አጻጻፍ የለውም። የዶክተር መላኩ ስም በዘመኑ ሰነዶች ከ«ኤም» ቀጥሎ በ«ኤ» ሆሄ ይጻፋል፤ ዛሬ መላኩ የሚባል ሰው ግን ብዙውን ጊዜ «ኢ» ያስገባል። በሁለቱም ፈልጉ። የደራሲ ስም ላይም ተመሳሳይ ጣጣ አለ፦ የታሪክ ምሁሩ የባሕሩ ዘውዴ መጽሐፍ አንዱ መዝገብ ላይ በባሕሩ፣ ሌላው ላይ በዘውዴ ሥር ሊሆን ይችላል። በስም አልገኝ ካለ በጉዳዩ ፈልጉ። የኢጣሊያና የኢትዮጵያን ጦርነት ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር አጣምራችሁ ስትፈልጉ የምታገኟቸው ሁለት መጻሕፍት የዊልያም ስኮት (1993) እና የጆሴፍ ሃሪስ (1994) ናቸው። ሁለቱም ስለ ዶክተር መላኩ ሥራ ያወራሉ።

ኦክላንድ መደርደሪያ ላይ ከሌለ ሊንክ ፕላስ በሚባለው የጋራ መዝገብ ፈልጉና በካርዳችሁ አስይዙ፤ ሌላ ከተማ ያለው ቅጂ እናንተ ወደ መረጣችሁት ቅርንጫፍ ይመጣል። እዚያም ከጠፋ ወርልድካት የትኛው ላይብረሪ እንዳለው ያሳያል። ያንን ይዛችሁ የላይብረሪ ሠራተኛ ጠይቁ፤ ጥያቄው ሥራቸው ነውና አትፈሩ። ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካን የመሳሰሉ ትልልቅ ሥራዎች ብዙ ጊዜ ለውሰት አይወጡም፣ እዚያው ተቀምጦ ማንበብ ነው። የኢንሳይክሎፒዲያው 3ኛ ቅጽ በ«ኤም» የሚጀምሩትን ስሞች ይዟል። ኦክላንድ 14ኛው መንገድ ላይ ያለውን የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየምና ላይብረሪም እለፉበት፤ በዚያ ዘመን ጥቁር አሜሪካውያን ስለ ኢትዮጵያ ያሉትን ለሚፈልግ ጥሩ በር ነው።

መጽሐፉ እጃችሁ ሲገባ፣ ከማንበባችሁ በፊት የርእሱን ገጽና ከጀርባው ያለውን የኅትመት መረጃ በስልክ ፎቶ አንሡ። ደራሲ፣ አሳታሚ፣ ዓመት፣ ስንተኛ እትም፦ መጽሐፉ ከተመለሰ በኋላ ይህን ፍለጋ መሯሯጥ ያደክማል። የሁለት እትሞች የገጽ ቁጥር ላይገጥም ስለሚችል እትሙን መጻፍ ግድ ነው። ከዚያ በመጨረሻው ገጾች ካለው የስሞች ዝርዝር ተነሡና ወደ ጥያቄዎቻችሁ ሂዱ። ማስታወሻ ስትይዙ በእያንዳንዱ ነጥብ ፊት የገጹን ቁጥር አስቀድሙ፣ ነጥቡንም ያኔውኑ በራሳችሁ አማርኛ ጻፉት። የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ገልብጦ «በኋላ እተረጉመዋለሁ» ማለት የቅጂ መብት ጣጣ ያመጣል፤ አማርኛውንም ያጣምመዋል። የግርጌ ማስታወሻዎቹን አትዝለሉ፣ ቀጣዩን የምትዋሱትን መጽሐፍ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው።

ዘመን አቆጣጠሩ ላይ ተጠንቀቁ። የፈረንጆቹን ዓመት ወደ እኛ ለመመለስ ከመስከረም እስከ ዓመታቸው ማብቂያ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይቀነሳል። ፌዴሬሽኑ የተመሠረተበት ኦገስት 1937 በእኛ ነሐሴ 1929 ነው። ወሩን ካላወቃችሁ ግን አትገምቱ፣ እ.ኤ.አ. ብላችሁ መጽሐፉ እንዳለው አስቀምጡት። አዲስ አበባ የታተመ መጽሐፍ ስትጠቅሱም የኅትመቱ ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አጣሩ።

መጣጥፉን ስትጽፉ ዋቢው ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን ከነገጹ ይግባ፤ መጨረሻ ላይ የመጻሕፍት ስም ደርድሮ መተው አንባቢን አይረዳም። ሁለት መጻሕፍት ከተጋጩ ሁለቱንም ጥቀሱ እንጂ ዳኛ አትሁኑ። ከአያት የሰማችሁት ታሪክ ቢያምርም፣ የታተመ ምንጭ እስኪገኝለት ይቆይ።

ሥራውን ከለመዳችሁት ሌላ በር አለ፦ መለያችሁ 6 ወር ከሞላው፣ 500 እርማት ከሠራችሁና ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ 10 ካላችሁ፣ የውክፔዲያ ላይብረሪ ጄስቶርን የመሳሰሉ ማኅደሮች በነፃ ይከፍትላችኋል። እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የወጣው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ጄስቶር ላይ አለ።

መጽሐፉን በቀኑ መልሱ፤ ካልጨረሳችሁ ሌላ ሰው ካላስያዘው ማራዘም ይቻላል። ያላገኛችሁትን መልስና ያያችሁትን መጽሐፍ ስም ደግሞ በመጣጥፉ የውይይት ገጽ ላይ ጻፉት፣ ሳንሆዜ ያለው ሌላው ሰው ከዚያ ይቀጥላል።