መስመሩ ከመሰመሩ በፊት

ለእህቴ ልጅ፣

በርተንስቪል ቤት ገዝተሽ ከገባሽ ወዲህ «የእኛ ሰው ይህን ያህል በዝቶ የካውንቲው ካውንስል ለምን አይሰማንም?» እያልሽ ትሞግቺኛለሽ። ሙግትሽ ደግ ነው፤ የምታነሺው ግን ሁልጊዜ በምርጫ ሰሞን ነው። ያኔ ዋናው ነገር ካለፈ ቆይቷል። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍልሽ። ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።

1. የምርጫ ወረዳ መስመር እንደሚንቀሳቀስ እወቂ። አገር ቤት የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ 547 ነው፤ አዲስ አበባም ያን ያህል ሰፍታ በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ድርሻዋ ያው 23 ነበር። እዚህ አሜሪካ ግን በየ10 ዓመቱ ቆጠራ ተከትሎ ካርታው ይከለሳል። የምንኖርበት የሜሪላንዱ ሞንጎመሪ ካውንቲ በ2010 ከነበረበት 971,777 ሕዝብ በ2020 ወደ 1,062,061 አደገ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር መራጩ የካውንስሉ ወረዳዎች ከ5 ወደ 7 ከፍ እንዲሉ ወሰነ፤ መላው ካውንቲ የሚመርጣቸው 4 ወንበሮች እንዳሉ ቀሩ። በ5 ብንቆይ ኖሮ አንድ የወረዳ ተወካይ 212 ሺህ ያህል ሰው ይደርሰው ነበር፤ አሁን 152 ሺህ ገደማ ነው።

በ2021 መጨረሻ የጸደቀው ካርታ ቀድሞ አብረው የነበሩትን ሁለት ሰፈሮች ለያየ። ዳውንታውን ሲልቨር ስፕሪንግ ከታኮማ ፓርክ ጋር ወደ 4ኛ ወረዳ ሄደ፤ ዋይት ኦክና የአንቺው በርተንስቪል 5ኛ ላይ ቀሩ። የሐበሻው ምግብ ቤት እዚያ፣ መኖሪያው እዚህ ሆነ ብለው ያዘኑ አሉ። እኔ አላዘንኩም። የምሥራቁ ሰፈር ከዳውንታውኑ ጥላ ወጥቶ የራሱን ተወካይ አገኘ።

2. የማይመርጠውም ይቆጠራል። ወረዳ የሚከፈለው በመራጭ ሳይሆን በነዋሪ ቁጥር ነው። ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቀው፣ ትናንት የተወለደው ሕፃን፣ ሁሉም እኩል አንድ ነው። የቴክሳስ መራጮች ይህ አይገባም ብለው ቢከሱ፣ በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በነዋሪ ቁጥር መከፋፈል ይቻላል ብሎ መለሳቸው። ሜሪላንድማ በ2010 ባወጣችው ሕግ እስረኛውን ሳይቀር የምትቆጥረው ከመታሰሩ በፊት በነበረበት አድራሻ ነው።

ችግሩ እኛው ጋ ነው። ባለ ሁለት መኝታ አፓርትማ ውስጥ ሰባት ሰው ይኖራል፤ ውሉ ላይ ያለው አራት ነው። ሳሎን የሚተኛው የአክስት ልጅ አከራዩ እንዳይሰማ ተብሎ ፎርሙ ላይ አይጻፍም። የእኔ ትውልድ ደግሞ ቀበሌ ስም መዝግቦ ምን እንዳደረገበት ስለሚያስታውስ፣ ቆጣሪ በሩን ሲያንኳኳ መብራት ያጠፋል። አልፈርድበትም። ግን ሕጉን ንገሪያቸው፤ ቆጠራ ላይ የሰጡት መልስ ለአከራይም፣ ለፖሊስም፣ ለኢሚግሬሽንም እንዳይሰጥ የተከለከለ ነው፤ የግለሰቡ መዝገብ 72 ዓመት ተዘግቶ ይቆያል። በ2020ው ፎርም «ጥቁር» ከሚለው ሳጥን ሥር በምሳሌነት ከተጻፉት መካከል ኢትዮጵያዊ የሚለው ነበረበት። ስንቱ ባዶውን አልፎት ይሆን!

3. ታሪክ ተዪ፣ የመንገድ ስም ጥሪ። ካርታውን የሚነድፈው 11 ነዋሪዎች ያሉበት ኮሚሽን ነው። የነዋሪውን አስተያየት በሚሰማበት ስብሰባ የሚሰጥሽ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው፤ የእኛ ሰው ያቺን በሰላምታና በሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ይጨርሳታል። ካርታ የሚሠራ ሰው የሚፈልገው ሌላ ነው፦ «ሎክዉድ ድራይቭና ካስል ቡልቫርድ ያሉት አፓርትማዎች አንድ ዓይነት ተከራይ ያለባቸው ናቸው፤ ሥራ የምንሄደው በራውት 29 በሚመላለሰው ፍላሽ አውቶቡስ ነው፤ አትለያዩን።» ይኸው ነው። በጽሑፍም አስገቢው።

4. «የሐበሻ ወረዳ ይሰመርልን» አትበይ። ቁጥራችን አይሞላም፤ በዚያ ላይ ዘርን ዋና መለኪያ አድርጎ የተሰመረ ወረዳ ከ1993 ወዲህ በፍርድ ቤት ለመፍረስ የተጋለጠ ነው። በዘር ሳይሆን በጋራ ጉዳይ ተሰባሰቢ። በ2023 ካውንስሉ የኪራይ ጭማሪ በዓመት ከ6 በመቶ እንዳያልፍ ሲወስን ድምፁ 7 ለ4 ነበር። ከኤል ሳልቫዶር የመጣው ጎረቤትሽም ያንኑ ኪራይ ይከፍላል፤ ከእሱ ጋር ቁሚ።

5. የተጣመመ ቅርጽ ያለው ወረዳ ስታዪ ለአንድ ወገን እንዲያደላ ተሰምሮ እንዳይሆን ጠርጥሪ። ሜሪላንድ በዚህ ንጹሕ አይደለችም። የቀድሞውን 3ኛ የኮንግረስ ወረዳ አንድ የፌዴራል ዳኛ ክንፉ ከተሰበረ የጥንት በራሪ አውሬ ጋር አመሳስለውታል፤ በመጋቢት 2022 ደግሞ አዲሱን የኮንግረስ ካርታ ፍርድ ቤት ጥሎታል።

6. ራስሽ ኮሚሽኑ ውስጥ ለመግባት አመልክቺ። በምርጫ ሥልጣን የያዘ ሰው እዚያ አባል አይሆንም። ካውንስሉ በ90 ቀን ውስጥ ሌላ ሕግ ካላወጣ ደግሞ የኮሚሽኑ ካርታ እንዳለ ሕግ ይሆናል፤ ቀላል ወንበር እንዳይመስልሽ።

7. ቀጣዩ ቆጠራ 2030 ላይ ነው። ለዚያ ከወዲሁ እንዘጋጅ። የዕድራችን መዝገብ ስምና ስልክ እንጂ ሰው በየትኛው መንገድ ላይ እንደሚኖር አያሳይም። ጸሐፊውን አነጋግሬዋለሁ፤ ቅዳሜ ኮምፒውተርሽን ይዘሽ ነይና፣ ፈቃደኛ የሆነውን አባል እየጠየቅን «የመንገድ ስም» የሚል ዓምድ እንጨምርበት።