ከመቅዳት ክልከላ ወደ ፈቃድ ትምህርት፦ የሶፍትዌር ቅጂ መብት ግንዛቤ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ሕገ ወጥ የሶፍትዌር ቅጂን ለመከላከል የሚካሄዱ የትምህርት ዘመቻዎች በአብዛኛው መቅዳት መስረቅ ነው ከሚል አባባል ይነሣሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካ የሶፍትዌር አሳታሚዎች ማኅበር «ያንን ፍሎፒ አትቅዳ» በሚል ርእስ ያሰራጨው ቪዲዮ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። አባባሉ ምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ሲደርስ ግን የሚገጥመው መቅዳትን በሌላ ዓይን የሚያይ ነባር የትምህርት ባህል ነው።

ጋይንት የድጓ ምስክር የሆነችው ቤተ ልሔም፣ የዝማሬና መዋሥዕት ምስክር የሆነችው ዙር አምባም አገር ነው። በዜማ ትምህርት ደቀ መዝሙሩ ድጓውን በገዛ እጁ ጽፎ መያዙ የተለመደ ነው፤ መገልበጥ የትምህርቱ አካል እንጂ ነውር አይደለም። ከዚህ ተነሥቶ ባህሉ የደራሲን መብት አያውቅም ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። ቅኔ አዲስ መሆን ስለሚገባው የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ይነወራል፤ መምህርም ከማን እንደተማረ ይጠየቃል። ስለሆነም ለአካባቢው ተማሪ የሚጎድለው የመብት ስሜት ሳይሆን፣ የትኛው ሥራ እንደሚቀዳና የትኛው እንደማይቀዳ የሚለይበት የፈቃድ ዕውቀት ነው።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍ ጋር ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ይቆጥራል። መብቱን ሆን ብሎ የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣም ደንግጓል። ቅጣቱ ከባድ ነው። ይሁንና በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ኮምፒዩተር እየጠገነ የሚተዳደር ወጣት ዊንዶውስን ከፍላሽ ሲጭን ይህን አንቀጽ የሚያስብ አይመስልም። የፈቃዱ ዋጋ በውጭ ምንዛሪ የተተመነ፣ ክፍያውም በዓለም አቀፍ ካርድ የሚፈጸም ነው፤ መክፈያ መንገድ ለሌለው ሰው «ክፈል» ብሎ መስበክ ትምህርት ሊባል አይችልም።

ለማስተማር የሚሻለው ምሳሌ ከአገር ውስጥ የሚገኘው ነው። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር እየተገለበጡ በየመሥሪያ ቤቱ ተሠራጭተዋል። እዚህ ላይ ተጎጂው ስሙ የማይታወቅ የባሕር ማዶ ኩባንያ ሳይሆን የአገር ልጅ ስለሆነ፣ ተማሪው ጉዳቱን ከቅኔው ነውር ጋር ለማዛመድ አይቸገርም።

ከክልከላው ጎን ለጎን አማራጭ መቅረብ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል ካካተተ ወዲህ፣ ኖቶና አቢሲኒካን የመሳሰሉ ነጻ የፊደል ቅርጾች ተዘጋጅተዋል፤ ሊብረኦፊስም ያለ ክፍያ ይገኛል። እነዚህን መቅዳትና ለጓደኛ ማካፈል የተፈቀደ ነው፤ የጉባኤ ቤቱ የመገልበጥ ልማድ እዚህ ሙሉ ቦታ ያገኛል። በአንጻሩ ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ጸረ ቫይረሱን አጥፉ ብሎ ይጀምራል፤ የጤና ጣቢያ ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ በያዘ ኮምፒዩተር ላይ ይህ ምን እንደሚያስከትል ለመገመት አያዳግትም።

የመስኩ መምህር በቤተ ሙከራው ባሉት ኮምፒዩተሮች ሊጀምር ይችላል፦ ተማሪዎቹ የተጫነውን እያንዳንዱን ፕሮግራም የፈቃድ ጽሑፍ ከፍተው ያንብቡ፤ ማን እንደሠራው፣ ምን እንደፈቀደና ምን እንደከለከለ በደብተራቸው በአማርኛ ይጻፉ።