ልጆችን በቤት ስናስተምር እንዳንዝል

ለዚህ እትም የመረጥነው ጉዳይ በቡላኦስ የቆርቆሮ ቤቶች ውስጥ ማታ ማታ የሚካሄደውን ትምህርት የሚመለከት ነው። እንደሚታወቀው በጂቡቲ የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ቢገቡም ባይገቡም አማርኛውን የማስቆጠሩ ዕዳ በኛ በወላጆች ላይ ይወድቃል። የኢጋድ አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 እዚሁ ጂቡቲ ላይ ተሰብስበው ስደተኛ ልጆች በየአገሩ የትምህርት ሥርዓት ውስጥ እንዲገቡ መግለጫ አውጥተዋል። መልካም ነው፤ የማታውን ድካም ግን አያቀልልንም።

ቀኑን በሰው ቤት ልብስ ስታጥብ የዋለች እናት ማታ ሦስት ልጆች ከፊቷ አስቀምጣ ፊደል ስታስቆጥር ምን ይደርስባታል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ቅጥር ሥራ ሲጽፍ የመዛልን ሦስት ምልክቶች ዘርዝሯል፤ ጉልበት መሟጠጥ፣ ልብ ከሥራው መራቅ፣ «የምሠራው ሁሉ ፍሬ የለውም» ማለት። በቤልጂግ የሉቫን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢዛቤል ሮስካምና ሞይራ ሚኮላይቻክ ደግሞ ወላጅነት ራሱ እንዲህ እንደሚያዝል፣ የዛለ ወላጅም ልጁን ወደ መምታትና ችላ ወደ ማለት እንደሚያዘነብል አሳይተዋል። የምንፈራው ይህንን ነው። በኩርኩም ፊደል የቆጠረ ልጅ ደብተር ባየ ቁጥር ይሸሻል። ስለዚህ እጃችሁ መነሣት ሲጀምር መጽሐፉን ዝጉ። ለዚያ ማታ በቃ።

ከሁሉ አስቀድሞ ልኩን እናሳንስ። ፊደላችን 33 ቤት በ7 ተባዝቶ 231 ነው። በሳምንት ውስጥ ሁሉን ካልጨረስን የምንል ብዙዎች ነን፤ ለማታ አንድ ቤት ይበቃል። የኔታም ቢሆኑ ሁሉን ብቻቸውን አላስተማሩም፤ ዳዊት የሚደግመው ተማሪ ጀማሪውን ፊደል ያስቆጥር ነበር። የ12 ዓመት ልጃችሁ የ6 ዓመቱን እንዲያስቆጥር አድርጉ፤ ትልቁም የረሳውን ያስታውስበታል።

ሰዓቱንም መምረጥ ያስፈልጋል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ካምሲን ሲነፍስና ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከቀትር በኋላ የሚጠና ነገር የለም። ማለዳ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ይሻላል። (አባቶችም ከበርጫው ሰዓት ላይ ይህችን ግማሽ ሰዓት ቢቆርጡ ቅር አይለንም። ማስተማር የእናት ሥራ ብቻ ነው የሚል ሕግ አላየንም።)

ይበልጥ የምንመክረው ግን ወረፋውን ነው። እቁብ የሚጥል ሰው ይህ አይከብደውም። አራት ጎረቤታሞች ይስማማሉ፤ በሳምንት አራት ማታ ልጆቹ ሁሉ በየተራ ወደ አንዱ ቤት ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ወላጅ አንድ ማታ ያስተምራል፣ ሦስቱን ያርፋል። ሒሳብ የሚችል ሒሳቡን፣ እጅ ጽሑፉ የሚያምር ጽሕፈቱን ይውሰድ። ልጆቹ ከአሥር አይብለጡ። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ይቆረጥ፦ ከውኃ በቀር ምንም አይቀርብም። አንዷ ሻይ ካፈላች ሌላዋ ዳቦ ልትጨምር ነው፤ በሦስተኛው ሳምንት የሌላት እናት አፍራ ልጇን ታስቀራለች።

ያረፋችሁበትን ማታ በሌላ ሥራ አትሙሉት። ቡና አፍሉ፣ ተኙ። እንቅልፍ ለብዙ ሳምንታት እምቢ ካለ፣ እንባም ያለ ምክንያት ከመጣ፣ ይህ ከማስተማር ድካም ያለፈ ሊሆን ይችላልና ለጤና ሠራተኛ ንገሩ። ስደት በራሱ የሚያመጣው ኀዘን አለ፣ መታከምም ያሳፍራል ብለን አናምንም።

ወረፋውን ለምትጀምሩ፣ የመጀመሪያው ሳምንት አራት ማታ ከ«ሀ» እስከ «መ» ይሁን። ሁለተኛው ሳምንት በ«ሠ» ይቀጥላል።