ደረትሽን ካመመሽ «ተኽጢጥ ቀልብ» በይ

ደረትሽን ጨምድዶ ከያዘሽ፣ ሕመሙ ወደ ክንድሽ ወይ መንጋጋሽ ከሄደ ወይም ቀዝቃዛ ላብ ካሰመጠሽ «የሥራ ድካም ነው» ብለሽ አትተኚ። ሳውዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ሊባኖስ 140 ደውለሽ አምቡላንስ ጥሪ።

ድንገተኛ ክፍል ስትደርሺ «ተኽጢጥ ቀልብ» በይ፤ በዓረብኛ ኢሲጂ ማለት ነው። በ10 ደቂቃ ውስጥ መነሳት አለብሽ። አይነዝርም፣ አያምም። ደረትሽን መግለጥ ካሳፈረሽ ሴት ነርስ ጠይቂ።

ልብ በይ፦ የመጀመሪያው ወረቀት «ኖርማል» ነው ማለት ልብሽ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ የልብ ደም ሥር እየተዘጋም ኢሲጂው ላያሳይ ይችላል። ማዳም «እንሂድ» ብትልም ሕመሙ ካልለቀቀሽ ድጋሚ እንዲያነሱሽና ትሮፖኒን የሚባለውን የደም ምርመራ እንዲሠሩልሽ ሐኪሙን ጠይቂ። ወረቀቱን በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ ሌላ ጊዜ ቢያምሽ ከአዲሱ ጋር ያስተያዩታል።