ጤና ኬላ ለተመደበችው ልጄ

ልጄ፣ ሥልጠናሽን ጨርሰሽ ቀበሌ እንደተመደብሽ ሰማሁ፤ እሰይ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ተጀምሮ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ልጆች መላክ ሲጀምሩ እኔ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበርኩ። እንዳንቺ ያሉ ብዙ ልጆች ሲመጡም ሲሄዱም አይቻለሁ። ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ አጎበርና ስለ ክትባት አልመክርሽም፤ እሱን ታውቂበታለሽ። የምመክርሽ ሰው በሹክሹክታ ስለሚያወራው ስለ አባላዘር በሽታ ነው። ትጉህ ነሽ፣ ልብሽም ቅን ነው። አፍሽ ግን ከእግርሽ ይቀድማል፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ይህ ጠባይ አይሆንም።

1. የሰማሽውን እዚያው ቅበሪው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ተረቱ የሚወቅሰው ሕመምተኛውን ብቻ ነው። አንቺ ለምን እንደሚደብቅ ጠይቂ። የአገራችን ገበሬ መርፌ አይፈራም፣ የሚፈራው ወሬ ነው። አንቺ ደግሞ የዚያው አገር ልጅ ነሽ። የታማሚዋ አማት ከአክስትሽ ጋር ዕድርተኛ ናት፤ ባሏ ከወንድምሽ ጋር ወንፈል ይወጣል። ስም ባትጠሪ እንኳ "እማዶ ያለች አንዲት ሴት" ካልሽ፣ አርባ ጎጆ ባለበት መንደር ማንነቷን ለማወቅ ከአቦል እስከ ቶና አይፈጅም። ለእናትሽም ቢሆን እንዳትነግሪ።

2. በሽታውን ሕዝቡ በሚጠራው ስም ጥሪው። "በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ኢንፌክሽን" ብለሽ ብትጀምሪ አንገታቸውን እየነቀነቁ ይሰሙሽና ምንም ሳይገባቸው ይበተናሉ። ጨብጥ፣ ቂጥኝ፣ ከርክር፣ ባምቡሌ በያቸው። ጨብጥ የሚይዘው ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ የሸና ወይም ወደ ጨረቃ ዞሮ የሸና ነው የሚልሽም ይኖራል። እንዳትስቂ። ሰውየው ከሚስቱ ፊት የሚሸሸግበት ያ ድንጋይ ብቻ ነው። "ድንጋዩ ቢሆን ኖሮ እረኛው ሁሉ በታመመ ነበር" በይውና ቀሪውን ለራሱ ተዪለት። ሌሊት ሲያስበው ያድራል።

3. ያላመመው ሁሉ ጤነኛ እንዳልሆነ አስተምሪ። ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ገበሬ ሕመምን የሚያውቀው ከሥራ ሲያስቀረው ነው። የቂጥኝ ቁስል ብዙ ጊዜ አያምም፤ በጥቂት ሳምንታትም ሳይታከም ይደርቃል። ሰውየው "ዳንኩ" ይላል፤ በሽታው ግን ደሙ ውስጥ አድፍጦ ከዓመታት በኋላ ልቡንና አንጎሉን ይጎዳል። ጨብጥ ወንዱን በቀናት ውስጥ እያቃጠለ መግል ያወጣበታል፤ ሴቷን ግን ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ ውስጥ ውስጡን ይጎዳታል። የማሕፀን ቱቦዋን ሊዘጋባት ይችላል። ከዚያ "መካን ናት" ተብላ ትፈታለች፤ በሽታውን ያስያዛትም ባሏ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ነፍሰ ጡር ባየሽ ቁጥር በጊዜ ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟ ለቂጥኝና ለኤችአይቪ እንዲታይ አድርጊ። ያልታከመ ቂጥኝ ፅንሱን ሊገድለው ወይም ታሞ እንዲወለድ ሊያደርገው ይችላል። ብዙ ያልቆየ ከሆነ ግን በአንድ ቀን በሚወጋ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይድናል። እናቶች "ገና የተወለደ ልጅ ዓይን ላይ ምን ይቀባሉ?" ብለው ሲያጉረመርሙም፣ ያ የቴትራሳይክሊን ቅባት የእናትየው ጨብጥ የልጁን ዓይን እንዳያጠፋው መሆኑን ንገሪያቸው። ምክንያቱን የሰማች እናት ራሷ ቅቡልኝ ትላለች።

4. ሰውን ስትልኪ ወረቀት ብቻ አስይዘሽ አትልኪው። እነዚህን በሽታዎች ማከም የጤና ጣቢያው ሥራ ነው፤ ያንቺ ሥራ ሰውየው ሳያፍር እዚያ እንዲደርስ ማድረግ ነው። አንድ አባት የሪፈር ወረቀት ተሰጥቷቸው ኪሳቸው ከተው ሄዱ። ማንበብ ስለማይችሉ ማታ በኩራዝ ሰባተኛ ክፍል ለደረሰ ልጃቸው አስነበቡት። ልጁ ቃሉን እየቆጠረ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ሚስትየው ምድጃው ዳር ነበሩ። የተጻፈውን አስቀድመሽ በቃልሽ ንገሪ፣ ወረቀቱን አሽጊው፣ ማንን ማነጋገር እንዳለበትም ለይተሽ አሳይው። ሳትልኪው ብትቀሪ ደግሞ ገበያ ወርዶ ባለ ሁለት ቀለም ፍሬ በቁጥር ይገዛል፤ ሁለት ውጦ ሲሻለው የቀረውን ያስቀምጣል። ድሮ ፔኒሲሊን ይበቃው የነበረው ጨብጥ ዛሬ የማይበገርለት ጀርሙ መድኃኒቱን እየተላመደ ስለመጣ ነው።

5. አንዱ ታክሞ ሌላው እንዳይቀር አድርጊ፤ ግን ሁለቱን ለማምጣት አትቸኩዪ። ባል ታክሞ ሚስት ከቀረች፣ ከወር በኋላ ያው ባል ተመልሶ ይመጣል። ይህን የማያውቅ ነርስ የለም፤ እኔ ግን እያወቅሁ ያጠፋሁትን ልንገርሽ። ወጣት ነርስ ሳለሁ አንዲት ሴት አክሜ "ባልሽን ይዘሽ ነይ" አልኳት። ዝም አለች። በሳምንቱ ባሏን ገበያ አገኘሁትና ከጓደኞቹ መሐል "ጤና ጣቢያ ብቅ በል፣ የምትወስደው መድኃኒት አለ" አልኩት። ጓደኞቹ ተያዩ። የዚያን ዕለት ማታ ደብድቦ ወደ አባቷ ቤት ሰደዳት። ማን ለማን እንዳስተላለፈ ማንም አላወቀም፤ የተባረረችው ግን እሷ ናት። እኔ የቸኮልኩት ለጤናዋ ብዬ ነበር። አንቺ መጀመሪያ "ብነግረው ምን ይላል?" ብለሽ ጠይቂያት። ማን ይንገረው፣ መቼ፣ የት የሚለውን እሷ ትምረጥ። ዱላ ከፈራች አትግፊያት፤ ሌላ መንገድ አብራችሁ ፈልጉ። "ማን አመጣው?" የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ከአፍሽ አውጥተሽ ጣዪው፤ ማንንም አያድንም።

6. ወንዶቹን ከመንገዳቸው ቀድመሽ ጠብቂ። እነሱ ጤና ኬላ አይመጡም፤ የሴትና የሕፃን ቤት ይመስላቸዋል። ጎረምሶቹ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱት ክረምቱ ሲወጣ ነው። ብር የሚይዙትም፣ ከቤት ርቀው የሚያመሹትም ያኔ ነው። ከተመለሱ በኋላ ብትሰብኪያቸው ጎርፉ ካለፈ በኋላ ቦይ እንደ መቆፈር ነው። ነሐሴ ላይ አስተምሪ። ለሴት ልጅ መናገር ስለሚከብዳቸው ከጤና ጣቢያው ወንድ ነርስ ለምነሽ አምጪ። ኮንዶሙንም ማንንም ሳይጠይቁ ከሚያነሱበት ቦታ አስቀምጪው። ጠይቆ የሚወስድ ጎረምሳ እኔ ጥቂት ነው ያየሁት።

7. ከነፍስ አባት ጋር አትጣዪ። አንቺ ከመስማትሽ በፊት እሳቸው ሰምተዋል። ሰዉ ጠበል ሲሄድ "ተዉት" ካልሽ መርፌውን ይተዋል እንጂ ጠበሉን አይተውም። ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልም የኤችአይቪ መድኃኒትም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በአደባባይ ተናግረው ነበር። አንቺም ቄሱን በማኅበር ቀን ቀርበሽ "አባቴ፣ ጠበሉን እየጠጡ መድኃኒቱንም እንዳያቋርጡ ይንገሩልኝ" በያቸው። የእሳቸው አንድ ቃል ያንቺን ዓመት ሙሉ ስብከት ያህላል።

8. የሚመጣልሽን ሰበብ ተቀበዪ። አንድ ቀን አንዲት ሴት ደጅሽ ትቆማለች። ራሴን ያመኛል ትልሻለች። ደግማ ትመጣለች፤ ወገቤን ትላለች። በሦስተኛው፣ ሰው ሁሉ እስኪሄድ ጠብቃ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች "ለጎረቤቴ ነበር የምጠይቅሽ" ትልሻለች። ጎረቤቷ ማን እንደሆነች ይገባሻል። "አንቺ ነሽ አይደል?" ብለሽ እንዳታፋጥጫት። "ጎረቤትሽን እንዲህ በያት" ብለሽ ሁሉንም አስረጂያት፤ መቼ እንደምትሄድ፣ ማንን እንደምትጠይቅ፣ ባሏን በምን ቃል እንደምታናግረው። እኔ እንዲህ የሸኘኋት አንዲት ሴት ከወራት በኋላ ገበያ መሐል አገኘችኝ። በሻሿ የቋጠረችውን አምስት እንቁላል እጄ ላይ አስቀምጣ ለመሄድ ዞረች። "ኧረ ይሄ ለምን?" ብላት፣ ፊቷን ሳትመልስ "ከጎረቤቴ ነው" አለችኝ።